የመጨረሻው መንፈቀ ዓመት

ከዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዘመን ሁሉ ብዙ የሚታሰብበትና ጥቂት የሚሠራበት ክፍል ቢኖር፣ ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለው የመጨረሻው መንፈቀ ዓመት ነው። ተማሪውን በአንደኛው ዓመት ፍርሃት፣ በመካከለኞቹ ዓመታት የፈተና ብዛት ያተጋው ነበር፤ አሁን ግን ውጤቱ በአብዛኛው ተወስኖ፣ ስሙ በተመራቂዎች መዝገብ ሊጻፍ ተቃርቦ፣ አካሉ በግቢው ውስጥ ሳለ ኅሊናው አስቀድሞ በበሩ ስለሚወጣ፣ እነዚያ ወራት ባለቤት እንደሌላቸው ሆነው ያልፋሉ። የ100 ቀን በዓል ይመጣል፤ ለእርሱም ቲሸርት ይታተማል፤ የባህል ልብስ የሚለበስበት ቀን ይከተላል፤ ለምርቃት መጽሔት ፎቶግራፍ መነሣት፣ ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈውን የመሰናበቻ ቃል መምረጥ፣ ጥቁሩን ካባ መለካት ይመጣል፤ በዚህ ሁሉ መካከልም ሥራ ያለማግኘት ሥጋት የሌሊቱን እንቅልፍ ይወስዳል። ደስታው አይነቀፍም፤ ለአራትና ለአምስት ዓመት ከአንድ ማዕድ የበሉ ሰዎች ሊለያዩ ሲሉ አብረው ቢደሰቱ የተገባ ነው። የሚያሳዝነኝ ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም በሩ ከተዘጋ በኋላ በገንዘብም በልመናም የማይገኘው በረከት በአጠገቡ ሳለ፣ ተመራቂው ነገ በውጭ ሊያገኘው የሚችለውን ብቻ እያሰበ ዛሬን ማሳለፉ ነው።

ደመወዝ ከምርቃት በኋላ ይገኛል፤ ቢዘገይም ይገኛል። ቤትና ትዳር፣ ሹመትና ንግድ ሁሉም በውጭው ዓለም ናቸው። ነገር ግን የጻፍነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ ስሕተቱን የሚያርም፣ ይህንንም ለማድረግ የሥራው ግዴታ የሚያስገድደው ምሁር ከግቢው ውጭ ወዴት ይገኛል? ከባሌና ከጎጃም፣ ከወላይታና ከሐረር፣ ከመቀሌና ከአሶሳ መጥተው በአንድ ክፍል የሚያድሩ እኩዮችስ ዳግመኛ በምን አጋጣሚ ይሰበሰባሉ? አለማወቁን ሳያፍር ሊናገር፣ ስለ አለማወቁም ሳይቀጣ ሊጠይቅ የሚፈቀድለት ከተማሪ በቀር ማን ነው? በመሥሪያ ቤት አለማወቅ ያስወቅሳል፤ በተማሪ ቤት ግን የትምህርት መነሻ ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ ተመራቂው የቀሩትን ወራት በግቢው ብቻ ለሚገኘው ነገር እንዲያውል፣ ከሁሉም አስቀድሞ የራሱ የሆነ አንድ ሥራ ፈጽሞ እንዲወጣ መምከር ነው።

የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለ ፍጻሜ የነበረው፣ ዛሬም ያለው ሥርዓት እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባዋል። የድጓ ተማሪ ዜማውን በየደብሩ ሲያጠና ኖሮ በመጨረሻ የሚያስመሰክረው በጋይንት ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረውም ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ከዚያ የደረሰው ተማሪ ለዓመታት የደከመ ነውና ይረፍ አይባልም፤ ይልቁንም በሌላ ስፍራ የተማረው ቃል በቃል፣ ምልክት በምልክት እየተመረመረ ይታረማል፤ ትናንት በልበ ሙሉነት ያዜመው ዛሬ በመምህሩ ፊት ይቃናል። በቅኔውም ቤት የበሰለው ደቀ መዝሙር ከመምህሩ የሚቀረውን እየተቀበለ፣ ለታናናሾቹ ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ የያዘውን ያካፍላል። አባቶቻችን የትምህርትን ፍጻሜ ጥረት የሚላላበት ሳይሆን ጥረት ከጫፍ የሚደርስበት ዘመን አድርገው መሥራታቸው ከዚህ ይታወቃል።

በዩኒቨርሲቲ ይህን ምስክርነት የሚመስለው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በምህንድስናና በመሰል የትምህርት ክፍሎች ፕሮጀክት ይባላል፤ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ ተመራቂው ለሕዝብ የሚያሳየው የሥዕል ወይም የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ነው። ብዙዎች ይህን ሥራ እንደ መጨረሻ ዕዳ ቆጥረው፣ ቶሎ ከፍለው ለመገላገል ይቸኩላሉ። አንድ የ22 ዓመት ወጣት በጥቂት ወራት የሚጽፈው ነገር ለአገር ምን ይጠቅማል ብሎ ራሱን ያቃለለም ብዙ ነው። ለዚህ አሳብ መልስ የሚሆነን በራሳችን አገር የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተሰጥቶት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ጥቂት ቆይቶም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሪቻርድ ፓንክረስትን የመጀመሪያው ዳይሬክተር አድርጎ በዚያው ግቢ ተመሠረተ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ይማሩ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ለመጀመሪያው ዲግሪ ማሟያ ወደየተወለዱበት አገር እየወረዱ፣ ስለ አንድ አውራጃ አስተዳደር፣ ስለ አንድ ከተማ አመሠራረት፣ ስለ ገበያና ስለ ሲራራ ነጋዴ፣ ስለ ርስትና ስለ ግብር፣ ስለ አርበኞችም ተጋድሎ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ጻፉ። ወጣቶቹ የቤተ መጻሕፍት ሀብት አልነበራቸውም፤ ስለዚያ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አልነበረምና። የነበራቸው የአገሩን ቋንቋ ማወቅ፣ ከሽማግሌ ፊት በትሕትና መቀመጥና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መጻፍ ነበር። የተናገሩት አባቶች አርፈዋል፤ ቃላቸው ግን በእነዚያ በጽሕፈት መኪና በተመቱ ገጾች ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ ከጠቀሷቸው ምንጮች መካከል እንዲህ ያሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፎች ይገኛሉ። እንግዲህ ያ ተማሪ በመጨረሻው ዓመቱ የሠራው፣ ከእርሱ በኋላ የመጣ ትልቅ የታሪክ ጸሐፊ የተደገፈበት መሠረት ሆነ ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ከእነዚህ ጽሑፎች አንዱን ያላነበበ ተመራቂ የራሱን ከመጀመሩ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለዚህ ቢሰጥ፣ ስለ አጻጻፍ ከሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ይበልጥ ይጠቀማል።

የነዚያ ሥራዎች ኃይል በርእሳቸው ጠባብነት ነበር። ዛሬ በየትምህርት ክፍሉ ከሚቀርቡት ርእሶች ብዙዎቹ ግን ሰፊ ናቸው፤ የትምህርት ጥራት በኢትዮጵያ፣ የግብርና ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው፣ የመልካም አስተዳደር ተግዳሮቶች እየተባለ ይጻፋል፤ እንዲህ ያለው ርእስ ሌሎች የጻፉትን ከመገልበጥ በቀር ሌላ መንገድ አይሰጥም። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆች ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ስለ ምን ይቀራሉ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከማንም ሊገለብጥ አይችልም፤ ሄዶ ማየት፣ እናቶችን መጠየቅ፣ የክፍሉን መዝገብ መግለጥ ግድ ይሆንበታል። የምህንድስናው ተማሪ የመንደሩ የውኃ ፓምፕ በየዓመቱ የሚሰበርበትን ምክንያት፣ የእርሻው ተማሪ የአጎቱ ጤፍ በጎተራ ሳለ ምን ያህሉ እንደሚበላሽ ቢመረምር፣ ሥራው ትንሽ ቢመስልም የእርሱና የእውነት ይሆናል።

ጊዜውም በብልሃት ሊከፈል ይገባዋል። ርእሱ በታኅሣሥ ካልተወሰነ፣ መረጃው በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ተማሪው ወደ አገሩ በሚሄድበት ወቅት ካልተሰበሰበ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ በመጋቢት ካልተጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በትንሣኤ በዓል፣ በፈተናና በምርቃት ዝግጅት ስለሚቆራረጥ፣ ጽሑፉ በግንቦት መጨረሻ በጥድፊያ የሚሠራ ይሆናል። አማካሪውም ብዙ ተማሪዎች የሚጠብቁት ሰው ነው፤ ባዶ እጁን ሄዶ ምን ልጻፍ የሚለውን ተማሪ በአጭር ቃል ይመልሰዋል፤ አሥር ገጽ ረቂቅ ይዞ፣ ከላዩም የተቸገረባቸውን ጥያቄዎች ጽፎ የሚቀርበውን ግን ችላ ሊለው አይችልም። በቀይ እስክሪብቶ የተሞላ ረቂቅ ሲመለስለት የሚከፋ ተመራቂ አይቻለሁ፤ ይህ ሐዘን አግባብ አይደለም። በኋላኛው ሕይወቱ የጻፈውን እንዲህ አድርጎ የሚያርምለት ሰው ስለማያገኝ፣ ያን ገጽ ሊያስቀምጠውና መላልሶ ሊመለከተው ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚነሣ አንድ ከባድ ነገር አለ። በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ባሉ የኮምፒዩተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ እየተጻፈ እንደሚሸጥ ተማሪውም መምህሩም ያውቃል። ዛሬ ደግሞ ገንዘብ እንኳ ሳይከፈል፣ በስልክ ላይ ባለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሙሉ ምዕራፍ በጥቂት ደቂቃ ይጻፋል። ስለዚህ ነገር የሚሰጠው ተግሣጽ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቅጣት ነው፤ እኔ ግን የምለው ስለ ጉዳቱ ነው። ጽሑፉን የገዛ ሰው ያጣው ማዕረጉን አይደለም፤ ማዕረጉንማ ምናልባት ያገኘዋል፤ ያጣው አንድን ነገር ከጥያቄ ተነሥቶ እስከ ማስረጃ፣ ከማስረጃም እስከ ፍርድ ብቻውን መርቶ ማድረስ የሚማርበትን ብቸኛ አጋጣሚ ነው። ከአራት ዓመት ትምህርት ውስጥ ተማሪው መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ መምህር በፊቱ የሌለበት ሥራ ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ በሕይወትም የሚገጥመው ሥራ ሁሉ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ ደካማ ሆኖ የተጻፈ የራስ ጽሑፍ፣ ያማረ ሆኖ ከተገዛው እጅግ ይበልጣል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ ተደንግጓል። አስቀድሞ በሕግና በጤና ሙያዎች ይሰጥ የነበረው ይህ ፈተና ዛሬ በመንግሥትም በግልም ተቋማት ለሚማሩ ሁሉ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፣ 50 በመቶ ያላመጣ ተማሪ የኮርሶቹን ውጤት ሁሉ ቢያሟላም ዳግመኛ ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪውን አያገኝም። የፈተናው ጭንቀት የመጨረሻውን መንፈቀ ዓመት እንደበላው ብዙዎች ያማርራሉ፤ ምሬታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በየኮርሱ ተቆራርጦ የተማሩትን አንድ ላይ አድርጎ መመልከት ከፈተናው ውጭም የሚያስፈልግ ነገር ነው። የትምህርት ክፍሉ የሚሰጠውን የፈተና ንድፍ ይዞ፣ ኮርሶቹን ለአምስትና ለስድስት ጓደኞች አካፍሎ፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ለቀሩት እንዲያስተምር ማድረግ ያለፉትን ዓመታት የጥያቄ ወረቀት ከመሸምደድ ይልቅ ይረባል። ከሁሉም የሚሻለው የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ማስጠናት ነው፤ ተመራቂው ያልገባውን ነገር የሚያውቀው ታናሹ ሲጠይቀው ነውና።

ከጽሑፍና ከፈተና ሌላ አገርን ማየትም የተመራቂው ትምህርት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ሥርዓት ነበር። ተማሪው የመጨረሻውን ዓመት ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይላክና፣ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት አገልግሎ ትምህርቱን ለመፈጸም ይመለስ ነበር። በዚያ ሥርዓት ያደነቅሁት፣ ተማሪው የመጨረሻ መጻሕፍቱን የሚያነበው አገሩን በዓይኑ ካየ በኋላ መሆኑን ነው። ዛሬ ሥርዓቱ ባይኖርም፣ የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ የድሬዳዋውን ልጅ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ የጎንደሯን ልጅ ወደ አርባ ምንጭ ስለሚያደርሳቸው፣ ቀድሞ በአገልግሎት ይገኝ የነበረው ዕድል በሌላ መንገድ ተሰጥቷል። ሆኖም አራት ዓመት በአንድ ከተማ ኖሮ ከመናኸሪያው እስከ ግቢው በር ካለው መንገድ በቀር ምንም ሳያውቅ የሚወጣ አለ። በቀሩት ቅዳሜዎች ገበያውን፣ ገዳሙን ወይም መስጊዱን፣ የሸማኔውንና የሸክላ ሠሪዋን ሥራ፣ የወረዳውን ፍርድ ቤት የችሎት ውሎ ሄዶ ማየት ወጪው ትንሽ፣ ትምህርቱ ብዙ ነው።

ስለ ዶርም ጓደኞች የምናገረውን ከልቤ እናገረዋለሁ። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ግቢዎች በቋንቋና በትውልድ ስፍራ መለያየት ገብቶ፣ እንዲያውም ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሥቶ፣ ብዙ ወላጅ ልጁን ላከ እንጂ በሰላም ስለ መመለሱ እርግጠኛ ያልሆነበት ጊዜ አይተናል። ይህን የሚያድን ትልቅ ጉባኤና ትልቅ ንግግር እኔ አላውቅም። የማውቀው ግን በአንድ ክፍል የሚያድሩ ስድስት ወጣቶች ሦስት ወይም አራት ቋንቋ በመካከላቸው ይዘው ሳለ፣ አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ ሳይማሩ አራት ዓመት ማለፉን ነው። ከየካቲት እስከ ሰኔ በየማታው ግማሽ ሰዓት ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛ፣ ለሶማልኛ፣ ለሲዳምኛ ወይም ለአማርኛ የሰጠ ተመራቂ፣ ሰላምታ መስጠት፣ ዋጋ መጠየቅ፣ የታመመን ሰው የት ያምሃል ብሎ መጠየቅና መልሱን መስማት ይችላል። ይህ ለሐኪምዋ፣ ለመምህሩ፣ ለዳኛው፣ ለግብርና ባለሙያው የሥራ መሣሪያ ነው፤ አስተማሪውም ከአጠገቡ ካለው አልጋ ላይ ይገኛል። እነዚያ ጓደኞች በሰኔ ወደየአገራቸው ሲበተኑ፣ የእናታቸውን ስም፣ የቀበሌያቸውን መጠሪያ፣ የሚደወልበትን ስልክ ጽፎ መለያየትም ይገባል፤ በማያውቁት ከተማ ሥራ ሲመደቡ ቤት የሚያሳየው፣ ሲታመሙ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ የአንድ የዶርም ጓደኛ ዘመድ ነው።

ወደ መምህራን መመለስም ያስፈልጋል። ለሥራ ወይም ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠየቀው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ መምህሩ ብዙ መቶ ሌሎች ተማሪዎችን አስተምሮ፣ ምናልባትም ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ይሆናል። ስለዚህ ተመራቂው አሁን በክብር ቀርቦ፣ ወደፊት ሊማር ወይም ሊሠራ ያሰበውን ነግሮ፣ የጽሑፉን ቅጂና የውጤቱን ዝርዝር ትቶ፣ መምህሩ ስለ እርሱ ሊመሰክርለት ይችል እንደሆነ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ይህን ለመጠየቅ የሚያፍሩ፣ ይልቁንም ሴቶች ተማሪዎች፣ ብዙ ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ከእነርሱ ያነሰ ዕውቀት ያለው፣ ነገር ግን የደፈረው ይቀድማቸዋል።

ስለ ወረቀት ጉዳይ በአጭሩ እናገራለሁ። ክሊራንስ ለመጨረስ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ሙከራው፣ የመኝታ ቤቱ ፕሮክተርና ምግብ ቤቱ ሁሉ እየፈረሙ ስለሚያሳልፉ፣ የተዋሱትን መጽሐፍና የተረከቡትን ቁልፍ ከምርቃቱ ሳምንት በፊት መመለስ ከብዙ ሰልፍ ያድናል። የወጪ መጋራት ውሉን ግን ሳያነቡ የፈረሙት ብዙዎች ናቸው፤ ከደመወዛቸው የሚቆረጠው ዕዳ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደሚከፈል አሁኑኑ ከሬጅስትራር ጠይቀው፣ የውሉን ቅጂ ከጊዜያዊው የምስክር ወረቀት ጋር በአንድ መዝገብ ሊያስቀምጡት ይገባል። ስማቸው በአማርኛና በላቲን ፊደል በሁሉም ሰነድ አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፉንም ከመውጣታቸው በፊት ያረጋግጡ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት የተነሣ ከሩቅ አገር ለመመላለስ የተገደደ ሰው ጥቂት አይደለም።

ወላጆች ለምርቃቱ ቀን በግ ይገዛሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ፣ ከሩቅ በአውቶቡስ ተጉዘው ይመጣሉ። ለእነርሱም ለአገራቸውም ሰው የሚቀርበው ደስታ ምርቃቱ ብቻ መሆን የለበትም። ጽሑፉን በአገሩ የሠራ ተመራቂ ሁለት ቅጂ ጨምሮ ያሳትም፤ አንዱን ለወረዳው ትምህርት ወይም ባህል ጽሕፈት ቤት በፊርማ ያስረክብ። ሌላውን ደግሞ ጥያቄውን በትዕግሥት ለመለሱለት እናቶችና ሽማግሌዎች ይዞ ሄዶ፣ በክረምቱ አንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ወይም አርብ ከጸሎት በኋላ፣ ስለ እነርሱ የጻፈውን ክፍል በሚሰሙት ቋንቋ ያንብብላቸው፤ ተሳስተሃል የሚሉትንም ቦታ በዳር ጽፎ፣ የታረመውን ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ ይላክ።